ለበጎ ነው ከማለታችን በፊት

ሰው ሲቸገር ከአፋችን ፈጥኖ የሚወጣ አንድ ቃል አለን፤ ይኸውም «ለበጎ ነው» የሚለው ነው። ፈተና ለወደቀ ተማሪ እንለዋለን፤ ልጇ ለሞተባት እናት እንለዋለን፤ ሱቁ ለተቃጠለበት ነጋዴ እንለዋለን። ቃሉ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ እጁንስ የት አድርጎ ሲናገረው እውነት እንደሚሆን ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት እናት አስተምረውናልና፣ ያንኑ ትምህርት በዚህች መጽሔት ለጓደኞቻችን ልናካፍል አሰብን።

እኛ ስንል ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን የኖርን ሦስት ተማሪዎች ማለታችን ነው። ክፍሊቱን የያዝነው ለጥናት ጸጥታ ፈልገን ነው ብንል ካዛንቺስን በማታ የሚያውቅ ሁሉ ይስቅብናል፤ እውነቱን ለመናገር ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበረ ነው። በግቢው ውስጥ ስድስት ቤተ ሰቦች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪና አንድ መጸዳጃ ቤት ነበሩ። በአንድ ቧንቧ የሚገናኙ ሰዎች ተኳርፈው ብዙ ሊቆዩ አይችሉም፤ ውኃ መቅዳት የግድ ነውና። ከስድስቱ ቤቶች የአንደኛው እመቤት እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅ በማስረከብ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ባልቴት ነበሩ። ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱምና፣ ግቢው ሁሉ ይጠራቸው እንደ ነበረው እማማ እንላቸዋለን።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ዘመን ምን ያህል እንደሚገላበጥ ምስክር ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅታቸው ስም በምኅጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። የኢንቺስ ቤቶች ለማለት በእነርሱ ቋንቋ የተባለው በእኛ ሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ያሠሩት ሰዎች በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ስሙ አብሯቸው አልሄደም። በሰፈሩ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በዚያም አዳራሽ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ እንደ እኛው ግቢ ያሉ አያሌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ተባሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ትልቅ ክፍል በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሰ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎችም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛወሩ።

የእኛ ግቢ ተራ የደረሰ ዕለት ከትምህርት ስንመለስ እማማን በራቸው ላይ በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የጭነት መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ወደ እርሳቸው ቀርበን እንደ ለቀስተኛ በረድፍ ቆምን። ከሦስታችን ንግግር የሚሆንለት ጓደኛችን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማማ፣ አይዘኑ። ሁሉም ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ አይሆንም። እሱ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ለበጎ ነው፤ ያዩታል» እያለ ብዙ ተናገረ። ሁለታችንም በየመሐሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያልን አጀብነው።

እማማ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ልጆቼ፣ ለበጎ መሆኑን እሱ ያውቃል። እናንተ ያንን ቁም ሣጥን በዚያ በኩል ያዙልኝ» አሉን።

ያን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ንግግሩ ስምንት ደቂቃ ያህል ሳይፈጅ አልቀረም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስድስት ሥራ ፈት እጆች ይዘን ቆመን ነበር። ቁም ሣጥኑን ስናነሣ ከገመትነው በላይ ከበደን። ሠላሳ ዓመት የቆመበት ሥፍራ ወለሉ ሌላ ቀለም ሆኖ፣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ታየ። እማማ ያን ሥፍራ አንድ ጊዜ ተመለከቱ፤ መጥረጊያ አንሥተውም ጠረጉት። ነገ ለሚፈርስ ወለል መጥረጊያ ምን ያደርጋል ብለን በልባችን ጠየቅን እንጂ በአፋችን ለመናገር አልደፈርንም።

ከዚያም የሆነው ነገር ከንግግራችን ይልቅ የሚያስተምር ነበረ። በግቢው ከሁሉ የሚያንሰው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዕቃቸው አንድ ጋሪ አይሞላም፤ እሳቸው ግን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። እማማ የራሳቸውን ጭነት ትተው ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። ጥቂት ቆይተው የታሰረውን ዕቃ አስፈትተው ጀበናቸውን አወጡ፤ ከሰልም አቀጣጠሉ። ሾፌሩ ቸኩሏል ቢሏቸው ለሾፌሩም ቀዱለት። በዚያ ግቢ የመጨረሻው አቦል፣ ቶናና በረካ በዚህ ዓይነት ተጠጣ። አዛውንቱም በሦስተኛው ስኒ ላይ ስለ ድሮው የግቢ በር አንድ የሚያስቅ ታሪክ ጀመሩ።

የዚያን ዕለት ማታ እኛ ሦስታችን በአንድ ዘመዳችን ቤት ተጠግተን ስናድር ክርክር አነሣን። አንዳችን፣ «ይኸ በእግዚአብሔር መታመን የምትሉት ነገር የድኻ ማደንዘዣ ነው፤ ሰው ሕመሙን እንዳይጠይቅ ያደርገዋል» አለ። ሌላው በቁጣ መለሰለት። ክርክሩ በየመኝታ ቤቱ የተለመደ ስለ ሆነ ቃል በቃል አንደግመውም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ነበረ። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው የሌላውን ሕመም ሊሰማ አይችልም፤ እማማ ግን ከሁላችን በፊት የአዛውንቱን ልቅሶ ሰምተው ተነሥተዋል። ደግሞስ በሁሉ ላይ አዛዥ እግዚአብሔር ነው ብለው የሚያምኑት እኒህ ሴት ስለ ቤታቸው ጉዳይ ለመጠየቅ ማስረጃቸውን በፌስታል ይዘው ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ እኛ እናውቃለን። መታመናቸው እግራቸውን አላሰረውም።

እንግዲህ መልሱን ፍለጋ ወደ እማማ ደብር እንሂድ። እማማ ወር በገባ በ15 ወደ ቂርቆስ፣ በ22 ደግሞ ወደ ዑራኤል መሄድን አስታጉለው አያውቁም። የክፍለ ከተማው መጠሪያ የሆነው ቂርቆስ በሃይማኖት ታሪክ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። እናቱ ኢየሉጣ በዘመነ ሰማዕታት ከስደት ወደ ስደት ስትሸሽ ከልጇ ጋር ተይዛ፣ ውኃ እንደ ነጎድጓድ ወደሚፈላበት ጋን ትወሰዳለች። የውኃውን ድምፅ ስትሰማ እናት ፈራች። ያጽናናት ሹም አይደለም፤ ሊቅም አይደለም፤ በክንዷ የያዘችው ሕፃን ነው። መልአኩ ገብርኤል ውኃውን አቀዘቀዘላቸው፤ ይህም ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በውስጡ ያሉትን ሁለት ነገሮች ግን ልብ ብለን ያየናቸው አይመስለንም። አንደኛው ይህ ነው፦ ተስፋ የሚሰጠው ሁልጊዜ ከብርቱ ወደ ደካማ፣ ከተማረ ወዳልተማረ፣ ከጠገበ ወደ ተራበ አይደለም። በጋኑ አፋፍ ላይ ልጅ እናቱን አጸና፤ ምክንያቱም እሱም ወደዚያው ጋን የሚገባ ነበረ። ከጋኑ ርቆ የቆመ ሰው «አይዞሽ» ቢላት ቃሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቅሉ ክብደቱ አንድ አይሆንም። አዛውንቱን ያጽናኗቸው እማማ እንጂ እኛ ያልሆንንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የሚከብድ ነው። ቂርቆስና ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ ወጡ፤ ነገር ግን ታሪካቸው በዚያ አላበቃም። ሰማዕት የሆኑበት መታሰቢያ ጥር 15 ቀን ይከበራል። ያው እግዚአብሔር በሐምሌ 19 ከጋን አወጣቸው፤ በጥር 15 ግን ከሰይፍ አላስመለጣቸውም። እኛ የሐምሌውን ብቻ የምናነብ ሰዎች ሆነናል። መታመን ማለት ውኃው እንደሚቀዘቅዝ እርግጠኛ መሆን ይመስለናል፤ ስለዚህም ውኃው ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ወይ እግዚአብሔርን እንከሳለን፣ ወይ የተቸገረውን ሰው እምነት ጎድሎህ ነው እንለዋለን። ሁለቱን በዓላት በአንድ ልብ የሚያከብር ግን ቤቱ ቢተርፍም ቢፈርስም በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። እማማ በሁለቱም ቀን ጧፍ የሚያበሩ ናቸው።

በታክሲ መስታወትም እግዚአብሔር ለሕዝቡ በጎ እንደሚያስብ የሚናገረው የኤርምያስ ቃል ተለጥፎ እናያለን። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ቃል የሚገኝበት 29ኛው ምዕራፍ ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በጎ ነገር እንዳለ ሲናገር ዘመኑንም አይደብቅም፤ ሰባ ዓመት ነው። እስከዚያም ድረስ በሄዱበት አገር ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉና ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዛል። እኛ ተስፋውን ለጥፈን ሰባውን ዓመትና መቆፈሪያውን ትተነዋል።

የኢዮብም ወዳጆች ነገር ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ሦስት ነበሩ፤ እኛም ሦስት ስለ ነበርን ታሪካቸው በጣም ይነካናል። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳይናገሩ አብረውት በመሬት ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ሁሉ የተሻለው ይኸ ነበረ። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ከፍተው እግዚአብሔርን የሚከላከሉ መስሏቸው ብዙ ምዕራፍ ተናገሩ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ራሱ ተቆጣቸው። የተቆጣው ያንን ሁሉ ጥያቄ የጠየቀውን ኢዮብን ሳይሆን መልስ ያበዙትን ወዳጆቹን መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። ሰው በወረቀትና በማኅተም የሚወስነውን ነገር ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያልን ከጥያቄ ውጭ ማድረግ እግዚአብሔርን ማክበር አይደለም። ከተማ መታደስ የለበትም አንልም፤ የዚያ ግቢ መጸዳጃ ቤት እንዲታደስ ከእኛ ይበልጥ የጸለየ የለም። ነገር ግን ሰው ለሠራው ሥራ ሰው መልስ ይስጥበት። የእግዚአብሔር ገዥነት ለተበደለው መጽናኛ፣ ለሹሙ ደግሞ መፍሪያ ነው እንጂ ለማንም ስንፍና መሸፈኛ እንዲሆን አልተሰጠም።

አሁን ወደ እድሩ ነገር እንምጣ። እድር በከተሞቻችን በተለይ ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ የመረዳጃ ማኅበር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሰፈራችንም እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ድስቶች፣ ሰሐኖችና አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረው። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ጎሕ ሳይቀድ ይነፋል፤ ክርስቲያን ቢሆን እስላም ቢሆን ሰፈሩ ይነሣል። ሰፈሩ ሲበተን ግን ጡሩምባው ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገላን ጉራ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ የእድሩ ዳኛ የመጨረሻ ስብሰባ ጠሩ። እኛም ወንበር በመደርደር እያገዝን ዳር ሆነን ሰማን።

ግማሹ ሰው ገንዘቡን ተካፍለን ሁሉም በሄደበት እድር ይግባ የሚል አሳብ አቀረበ። አሳቡ የጥበበኛ አሳብ ነበረ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የታክሲ ዋጋም ቀላል አይደለም። ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ ባለ ሱቁ እስላም ጎረቤታችን ተነሡና፣ «ገንዘቡ ይካፈላል። ቀባሪ ግን እንዴት ይካፈላል?» ብለው ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። እድሩ ባለበት እንዲቀጥል፣ መርዶውም በጡሩምባ ፈንታ በቴሌግራም እንዲተላለፍ ተስማሙ። ጡሩምባ ነፊው ስልክ የሚጽፍለት ልጅ ያስፈልገዋል ተባለ። ያንን ሥራ የያዘው ከእኛ አንዱ ነው።

በጥር ወር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያንን መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍነው። ያረፉት በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያለቀሱት አዛውንት ናቸው። እውነቱን እንናገር፦ ማን ይመጣል ብለን ተጨነቅን። ልጃቸው ከክፍለ ሀገር ደርሳ ብቻዋን ነበረች፤ በአዲሱ መንደርም ጎረቤት ገና በስም አልተዋወቀም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ድንኳኑን የጫነ አይሱዙ መጣ። ተከትሎ አንድ አውቶቡስ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ ደረሰ። ከልዩ ልዩ ዳርቻ በታክሲ እየቀያየሩ የመጡም ነበሩ። የአዲሱ መንደር ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው ይህ ሁሉ ሰው የማን ዘመድ ነው ብለው ሲጠይቁ ሰማን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ጎረቤቱ ራሱ ከሩቅ መጣ።

እማማ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጡ። እኛ አሁን «ለበጎ ነው» ይሏት ይሆን ብለን ጆሮአችንን አቀናን። እሳቸው ግን እጇን ይዘው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አለን» አሏት። ልጅቱም ያን ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ሦስቱን ቀን ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ከአዲሱ መንደር ሰዎችም በሁለተኛው ቀን እንጀራ ይዘው የመጡ ነበሩ።

በጎው ነገር ይህ ነበረ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ አይደለም እንላለን፤ አዛውንቱ በለመዱት ግቢ ቢያርፉ እንወድ ነበር። የካዛንቺስ መፍረስ ለምን እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለውን ምክንያት እናውቃለን ብንል እንደ ኢዮብ ወዳጆች እንሆናለን። እኛ የተማርነው የሥራ ክፍያን ነው። ለበጎ መሆኑን ማወቅ የእሱ ድርሻ ነው፤ ቁም ሣጥኑን በዚያ በኩል መያዝ የእኛ ድርሻ ነው። የእሱን ድርሻ በአፋችን ስንወስድ የእኛ ድርሻ ሳይሠራ ይቀራል። ድርሻውን ለእሱ የተወ ሰው ግን ሁሉን ለማወቅ ከመጨነቅ ያርፋል፤ እጆቹም ነፃ ይሆናሉ።

ውድ ጓደኞቻችን! በግቢያችን ውስጥ በዚህ ሰዓት የመውጫ ፈተና ወድቆ ለአባቱ ደውሎ ለመናገር ያልደፈረ አለ። አገሩ ሰላም ስላጣ የቤተ ሰቡን ድምፅ ከሰማ የቆየ አለ። እናቷ የሞተችባትና የዶርም ጓደኞቿ ምን እንበላት እያሉ የሚሸሿት አለች። ምን እንበል ብላችሁ አትጨነቁ፤ መጀመሪያ ሂዱ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ልብስ ያልታጠበ እንደ ሆነ እጠቡ፤ ማስታወሻ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ጻፉ፤ የሚሄዱበት ቢሮ ካለ አብራችሁ ሂዱ። እምነት ያላችሁ ጸልዩላቸው፤ ጸሎታችሁም እግር ይኑረው። እምነት የለንም የምትሉም ብትሆኑ ቁም ሣጥን ለማንሣት ማንም አይከለክላችሁም።

እኛ ባለፈው ፋሲካ ማግስት እማማን ጠይቀናቸው ነበር። በበራቸው ፊት በጣሳ የተከሉት ጤና አዳም አድጓል፤ ቡናው ላይም ከእርሱ ቆርጠው ጣሉልን። አሁንም በ15 ቂርቆስ ይሄዳሉ፤ የሚነሡበት ሰዓት ብቻ ሌሊት ሆኗል። ቁም ሣጥኑ ከቆመበት ግድግዳ እርጥበት እየገባ ስላስቸገራቸው ወደ ማዶ እንዲዛወር ፈለጉ። እኛም ንግግር ሳንጀምር ብድግ ብለን በየበኩላችን ያዝን።